ጲላጦስ የፎርቲንጎል ልጅ አይደለም

ከስኮትላንድ ዋና ከተማ ከኤድንብራ ጎብኚዎችን ይዤ በሰሜን ወዳለችው ፎርቲንጎል ስወጣ ገና መንገድ ላይ ሳለን የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጲላጦስ የተወለደበት ቤት አሁንም አለ?» የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ጎብኚዎቹ ሀበሾች ሲሆኑ ጉዳዩ ይከብዳል። በስንክሳራችን ጲላጦስና ሚስቱ አብሮቅላ ስለሚታሰቡ አንዳንዱ ነጠላውን አስተካክሎ ነው ከመኪና የሚወርደው።

ፎርቲንጎል በፐርዝሻየር፣ ከግሌን ላየን ሸለቆ አፍ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ተረቱ፣ አንድ የሮም መልእክተኛ እዚህ መጥቶ ከአገሬው ሴት ጲላጦስን ወለደ ይላል። እስቲ ዘመኑን እንቁጠር። ጲላጦስ ይሁዳን የገዛው ከ26 እስከ 36 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ሌሎቹም እንዲሁ) ነው። የሮም ጦር ብሪታንያን መያዝ የጀመረው በ43 ሲሆን፣ የሮም የጦር አዛዥ አግሪኮላ ወደ ስኮትላንድ የዘለቀው ደግሞ በ80 ገደማ ነው። ጲላጦስ ሥልጣኑን ለቆ ከሄደ ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው! «የሮማውያን ሰፈር» እየተባለ የሚታየው የአፈር ካብም የመካከለኛው ዘመን መኖሪያ ፍርስራሽ ነው። ጲላጦስን ማሰብ የሚሻ ሰው ስንክሳሩን ያንብብ እንጂ ይህን ተረት ለልጆቹ አያውርስ።

የመንደሯ ባለ ሣር ክዳን ቤቶችም ጥንታዊ አይደሉም። በ1890 አካባቢ በመርከብ ባለሀብቱ በሰር ዶናልድ ከሪ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው።

ስለ መንደሯ ስመ ጥር ዛፍ «9,000 ዓመቱ ነው» የሚሉም አሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው ይህ ዪው የተባለ ዛፍ (ቅጠሉ ዝግባን ያስታውሳል) ግንዱ ውስጡ ተበልቶ ስላለቀ የዕድሜ ቀለበቱን መቁጠር አይቻልም። ብዙዎች የሚቀበሉት ግምት ከ2,000 እስከ 3,000 ዓመት ነው። ይህስ ያንሳል?

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን «አንዲት ቅርንጫፍ ብትወሰድ ምን ትጎዳለች?» የሚለው ነው። በ1769 የግንዱ ዙሪያ 16 ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ብዙ ዛፎች እስኪመስል ተሰነጣጥቋል። እሳት አንድደውበታል፤ ለማስታወሻ እያሉም ቆርጠውታል። የድንጋይ አጥሩ የታጠረውም ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት እጃቸውን በአጥሩ ብረት መካከል አሾልከው ጫፏን ሰበሩና በመሐረብ ጠቀለሏት።

«እማማ፣ ምን አደረጉ?»

«ለበረከት ነው ልጄ፤ አፍልቼ እጠጣዋለሁ።»

«መርዝ ነው እማማ፣ ቅጠሉም የፍሬው ዘርም ይገድላል። ደግሞስ የደብርዎን ወይራ እንዲህ ይሰብሩታል?»

ዝም አሉ። ቅርንጫፏን ከመሐረቡ አውጥተው ከአጥሩ ሥር አስቀመጧት።

የዪው ዛፍ ወንድና ሴት ተለይቶ ነው የሚበቅለው። ፍሬ የሚያፈራው ሴቴው ነው፤ ይህኛው ግን ወንድ ነው። ሆኖም በ2015 የኤድንብራ ዕፅዋት ተመራማሪዎች ከላይ ባለች አንዲት ቅርንጫፍ ላይ ሦስት ቀይ ፍሬዎች አገኙ። ያቺን ቅርንጫፍ ቀድሞ አንድ ሰው ቀንጥሷት ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ከ1,000 ዓመት በላይ የኖረ የብረት ቃጭል በ2017 ተሰርቋል። ስለዚህ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ሪባንም አትቋጥሩበት፤ ፎቶግራፍ አንሱ። ከዛፉ በፊት ደግሞ መሬቱን ተመልከቱ። ግንዱ ድሮ እስከየት ይደርስ እንደነበር የሚያመለክቱ አጫጭር የእንጨት ችካሎች ዙሪያውን ተተክለዋል።