የስፖር ቅኝት ምንድን ነው? የሩዝ በሽታን ገና አየር ላይ ሳለ ማወቅ

በሩዝ ቅጠል ላይ ዳሩ ቡናማ፣ መሐሉ አመድማ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ቁስል ሲታይ ብላስት የተባለው በሽታ ገባ ይባላል። የገባው ግን ያን ዕለት አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ቅጠሉ ውስጥ ከሰነበተ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን ሆኖታል። ቁስሉ ከበሰለ በኋላም በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠሩ ስፖሮችን ለነፋስ ይሰጣል። በዓይኑ ብቻ የሚጠብቅ ገበሬ ሁልጊዜ በአንድ የፈንገስ ትውልድ ተቀድሟል።

የስፖር ቅኝት ይህን ክፍተት ለማጥበብ የሚደረግ ሥራ ነው፤ በማሳው ላይ የሚያልፈውን አየር እየሳቡ፣ የየትኛው ፈንገስ ስፖር ስንት እንዳለበት መቁጠር። ስፖር ለፈንገስ እንደ ዘር ነው። የብላስት ስፖር ርዝመቱ ከ20 እስከ 25 ማይክሮሜትር ገደማ በመሆኑ በዓይን አይታይም።

ለዚህ ሥራ ከተሠሩት ወጥመዶች ስመ ጥሩ እንግሊዛዊው ጆን ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1952 ያስተዋወቀው ነው። ቀላልነቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በጠባብ ቀዳዳ በደቂቃ 10 ሊትር አየር ይስባል፤ ከቀዳዳው ጀርባ የሚያጣብቅ ቅባት የተቀባ መስታወት በሰዓት 2 ሚሊሜትር እየተንፏቀቀ ያልፋል። አየሩ መስታወቱን ሽሽት ሲታጠፍ፣ ከብደት ያለው ስፖር አብሮት መታጠፍ ያቅተውና እዚያው ይለጠፋል። በማግሥቱ መስታወቱ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ፣ 48 ሚሊሜትሩ የአንድ ሙሉ ቀን መዝገብ ሆኖ ይነበባል። ከአበባ ብናኝና ከአቧራ መካከል የብላስቱ ስፖር በመልኩ ይለያል፤ በሁለት ስስ ግድግዳ ለሦስት የተከፈለ፣ አንድ ጫፉ እንደ ውኃ ጠብታ የቀጠነ። ብዙውን ጊዜ ተጠጋግቶ የሚገኘው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያሉትን ሰዓታት በያዘው ክፍል ላይ ነው፤ ፈንገሱ ስፖሩን የሚለቀው አየሩ ሲረጥብ ነውና።

በማይክሮስኮፕ መቁጠር የሠለጠነ ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። በዲኤንኤ ምርመራ መለየት ሥራውን ያፋጥናል፤ ሆኖም የሞተውንና ሕይወት ያለውን ስፖር አንድ ላይ ይቆጥራል።

ቁጥሩ ብቻውን ደግሞ በሽታ አይደለም። ስፖሩ ቅጠሉን ለመብሳት ለሰዓታት የማይደርቅ ጤዛ ወይም የዝናብ እርጥበት፣ እንዲሁም 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሆነ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን ሲያገኝ ቀጭን ቱቦ ያበቅልና በቱቦው ጫፍ ላይ ጥቁር የመብሻ ጉልላት ያበጃል፤ በውስጡ የሚጠራቀመው ግፊት የከባቢ አየርን ግፊት 80 እጥፍ ያህላል! ትራይሳይክላዞል የተባለው መድኃኒት የሚያግደው ለዚህ ግፊት የግድ የሆነውን ጥቁር ቀለም ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው ፈንገሱ ከመብሳቱ በፊት ከተረጨ ነው፤ ከገባ በኋላ መርጨት ገንዘብና ድካም ማባከን ነው። የስፖሩ ቁጥር ከሙቀትና ከቅጠል እርጥበት ልኬት ጋር አብሮ መነበብ ያለበትም ለዚህ ነው። በተለይ ዘለላው ብቅ በሚልበት ሰሞን አንድ ቀን እንኳ ሊዘለል አይገባም፤ በሽታው የዘለላውን አንገት ከመታ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል።

ወጥመዱ ዝም ሲል ግን ማሳው ከሁሉም በሽታ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የሩዝን የቅጠል ሰገባ የሚያበሰብሰው ራይዞክቶኒያ የተባለ ፈንገስ በዋናነት የሚዛመተው አፈር ውስጥ ከርመው በውኃ ላይ በሚንሳፈፉ ጠጣር እንክብሎች ነው። እሱን ለማግኘት ጎንበስ ብሎ፣ አገዳውን ከውኃው ወለል ጀምሮ ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።