ቤዛ፣ ካሣና ንስሐ፦ የድኅነት ትምህርት በወሎ

ድኅነት በክርስትና ትምህርት ሰው ከኃጢአት፣ ከሞትና ከሲኦል ወጥቶ ወደ ቀደመ ክብሩ መመለሱ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርቱን የያዙት አራት ቃላት ናቸው። ቤዛ በሌላው ፋንታ የሚሰጥ ነፍስ፣ ካሣ ለበደል የሚከፈል ዋጋ፣ ዕርቅ የተጣሉትን አንድ ማድረግ፣ ሥርየት የኃጢአት መደምሰስ ነው።

ካሣና ዕርቅ ወሎ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም የሚሠራባቸው ቃላት ናቸው። ነፍስ ሲጠፋ የገዳይ ወገን በአበጋር (በወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ወይም በሽማግሌ በኩል ደም ያደርቃል፤ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣ ይከፍላል፣ ከዚያ ሁለቱም ወገኖች ዳግመኛ ላይፈላለጉ ይምላሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚሁ ይተዳደራል። ስለዚህ «ጌታ ካሣ ከፈለልን» ሲባል ሰሚው ማብራሪያ አይፈልግም። ማብራሪያ የሚፈልገው የከፋዩ ማንነት ነው። በደም ማድረቅ የሚከፍለው በዳዩ ነው፤ በመስቀል የከፈለው ግን ተበዳዩ ራሱ ነው። ይህን ሳያጠራ የሚያልፍ ሰባኪ እግዚአብሔርን ደም ካላየ የማይበርድለት ባለደም ያስመስለዋል። የሊቃውንቱ ትርጓሜ ከዚህ ይለያል፤ መነሻው ቁጣ ሳይሆን ለአዳም የተገባው ቃል ኪዳን ነው።

የ5 ቀን ተኩል ቃል ኪዳን

አዳም ትእዛዝ አፍርሶ ከገነት ሲወጣ ንስሐ ገባ፤ «በ5 ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚል ተስፋም ተሰጠው። አንዱ ቀን እንደ 1000 ዓመት ሲታሰብ 5500 ዓመት ይሆናል። ይህ ዘመን ዓመተ ፍዳ ወይም ዓመተ ኩነኔ ይባላል፤ ከልደተ ክርስቶስ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ነው። በየደብዳቤው ራስጌ የምንጽፈው «ዓ.ም.» እንግዲህ የድኅነት ትምህርት ምልክት ነው፤ ጸሐፊው ልብ ባይለውም። ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀመር) የሚያወጣ ሰውም ሁለቱን ይደምራል፤ ለምሳሌ ለ2017 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 2017፣ 7517 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ከሚጠሩት ዘመናት ዘመኑ ማቴዎስ ነበር።

አዳምና ሔዋን ለዲያብሎስ የባርነት ደብዳቤ እንደ ጻፉም ይተረካል፤ አንዱ በዮርዳኖስ፣ ሁለተኛው በሲኦል ተቀመጠ። ክርስቶስ የመጀመሪያውን ሲጠመቅ፣ ሁለተኛውን በአካለ ነፍስ ወደ ሲኦል ወርዶ ደመሰሰው። ከጥምቀት በዓል ደስታ በስተጀርባ ያለው አንዱ ነገር ይኸው የዕዳ ደብዳቤ መቀደድ ነው።

በድንጋይ የተጻፈው

ላሊበላ ላይ ይህ ሁሉ በአለት ይነበባል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙበትን ስፍራ የሚከፍለው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል። ከቤተ ጎልጎታ በስተምዕራብ፣ ከዋናው አለት ተለይቶ የተተወው ድንጋይ መቃብረ አዳም ነው። በትውፊቱ መስቀሉ የተተከለው የአዳም ራስ ቅል ካረፈበት በላይ ነው፤ ከክርስቶስ ጎን የፈሰሰው ደም ቅሉ ላይ ወረደ። ጎልጎታና መቃብረ አዳም ጎን ለጎን መፈልፈላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በገና ጠዋት ደግሞ ነጭ የለበሱት ካህናት ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ገደል አፍ፣ ከፊሎቹ ከሥር ሆነው እየተቀባበሉ «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» ይላሉ፤ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ ማለት ነው። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። በልደት ዕለት የሞትን ዋጋ የሚያነሣ ዝማሬ መሆኑ ልብ ይባል።

ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ የተነሣው ክርክርም ከዚሁ የራቀ አይደለም። የጸጋ ልጅ ወይም ሦስት ልደት ባዮች፣ ክርስቶስ ከአብና ከድንግል ማርያም ከተወለደው ልደት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የሚገኝ ልደት ይቆጥሩ ነበር። ተዋሕዶዎች ሁለት ልደት ብለው ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ፣ ማለት ከመለኮት ጋር አንድ በመሆን ነው አሉ፤ ጉባኤውም በእነርሱ ተፈታ። ነገሩ ለውጭ ሰው የቃላት ጠብ ይመስላል፤ ሆኖም ሥጋ በተዋሕዶ ካልከበረ በመስቀል የፈሰሰው ደም የአምላክ ደም ነው ማለት ያስቸግራል፤ ያ ከተናጋ ደግሞ ቤዛነቱ ይናጋል።

ለእያንዳንዱ ሰው እንዴት ይደርሳል?

በመስቀል የተከፈለው ለሁሉ ነው፤ ሰው የሚካፈለው ግን በምሥጢራት ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ምክንያቱ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ መባሉ ነው። ሕፃኑ ሜሮን ተቀብቶ ይቆርባል፣ ማዕተብ ይታሰርለታል።

ከጥምቀት በኋላ ለሚሠራ ኃጢአት ያለው መንገድ ንስሐ ነው። መጀመሪያ ሐዘን፣ ቀጥሎ ለንስሐ አባት መናዘዝ፣ ከዚያ ቀኖና መቀበልና መፈጸም፣ በመጨረሻ ፍትሐት (ካህኑ ከኃጢአት የሚፈታበትን ጸሎት) ተቀብሎ ሥጋ ወደሙ መቀበል ነው። ቀኖና ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደትና ምጽዋት ሲሆን መጠኑ እንደ ሰውየው አቅም ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለበሽተኛ ስግደት በሌላ ይተካል። የሰው ገንዘብ የወሰደ መጀመሪያ ይመልሳል፤ ሳይመልሱ መስገድ ዋጋ የለውም። ለመቁረብ 18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ መከልከል ያስፈልጋል።

የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዱ ከባዱን ደብቆ ቀላል ቀላሉን ይናገራል። ሌላው የቀኖናው ብዛት ሲከብደው የነፍስ አባት ይቀይራል፤ ሕመሙን የማያውቅ ሐኪም ዘንድ እንደ መሄድ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ግን ማቆየት ነው፦ በሕፃንነቱ የቆረበ ሰው ጎረምሳ ሲሆን ይርቃል፤ በሰማንያ (ያለ ቁርባን በውል) ይጋባል፤ በቁርባን አልተጋባሁም ብሎ እስኪሸብት ከደጅ ቆሞ ያስቀድሳል። ቀኖናን እንደ ዋጋ መቁጠርም አለ። ቀኖና ለነፍስ መድኃኒት እንጂ የኃጢአት ዋጋ አይደለም፤ ዋጋው አንድ ጊዜ በመስቀል ተከፍሏል። መስከረም 21 ቀን ወደ አምባሰል ግሸን ማርያም የሚወጣው ሕዝብም ይህን ይዞ ቢወጣ መልካም ነው። አምባው የመስቀል ቅርጽ ያለው ሲሆን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የመጣው ግማደ መስቀል እንዳለበት ይታመናል፤ በረከቱ ትልቅ ነው፣ ኑዛዜን ግን አይተካም።

በሰሙነ ሕማማት፣ ከትንሣኤ በፊት ባለው ሳምንት፣ ሥርዓቱ ይለወጣል። መስቀል መሳለም፣ ክርስትና ማንሣትና ፍትሐት ይቆማሉ፤ በሳምንቱ ለሚሞት የሚደረገው ጸሎተ ፍትሐት አስቀድሞ በሆሣዕና ለሁሉ ይደረሳል። የማያውቅ ሰው በማክሰኞ መስቀል ለመሳለም ሲጠጋ ካህኑ ዝም ቢሉት መከፋት የለበትም። በስቅለት ሲሰገድ ተውሎ ወደ ማታ ካህናቱ የእያንዳንዱን ጀርባ በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው የስግደት ቁጥር ይሰጡታል። በቀዳም ስዑር፣ በትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ፣ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» (በመስቀሉ ሰላምን አደረገ) እየተባለ ቄጠማ ይታደላል፤ ምእመኑም በራሱ ላይ ያስረዋል።

ከጎረቤት ጋር

ወንጌላውያን (ፕሮቴስታንቶች) ድኅነትን በእምነት ብቻ ያገኙታል፤ «ድኛለሁ» ይላሉ። ኦርቶዶክሱ ድኅነት ተጀምሮ የሚፈጸም ጉዞ ስለሆነበት ይህን አነጋገር ይሸሻል። የሙስሊሙ ጎረቤት ተውባ ከንስሐ ጋር በጸጸትና የሰውን ሐቅ በመመለስ ይገናኛል፤ ነገር ግን የሚያናዝዝ ካህን የለበትም፣ አንዱ ስለ ሌላው ቤዛ መሆንም በእስልምና የለም። በአንድ ቤት ሁለቱም እምነት ባለበት ወሎ ይህ ልዩነት እየታወቀ ይኖራል። ክርስቲያን ሲሞት ፍትሐቱ በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40ና በ80 ቀን ይቀጥላል፤ በ40ው ተዝካር ሙስሊም ጎረቤትም ይጠራል፣ ለእርሱ በእስላም እጅ የታረደ ለብቻው ይሠራለታል። ካህናቱ የሚመክሩት የጸሎቱን ያህል ድግሱ እንዳይበዛ ነው፤ ለተዝካር በሬ የተበደረ ቤተሰብ ዕዳው ሙት ዓመቱ እስኪደርስ ላያልቅለት ይችላል።