«ሰግጄ ልገላገለው» እና ሌሎች ስለ ንስሐ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ላይ ነገር ሲከፋ ወሬው አንድ ነው። የቡና ዋጋ ሲወድቅ፣ ባጃጁ ሲገለበጥ፣ ልጅ ሲታመም «ምን በድዬ ይሆን?» ይባላል። ቀጥሎ ንስሐ ይታሰባል። ደግ ነው። አብሮ የሚመጣው አስተሳሰብ ግን ሁሌም ደግ አይደለም።

«መከራ የደረሰበት ሰው በድሎ ነው።»

ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ የሚሰጥ ፍርድ ነው፤ በጎረቤት ላይ ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። ኢዮብ ግን ልጆቹንም ሀብቱንም ያጣው ጻድቅ ሆኖ ሳለ ነው። ሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገደለ። ጌታ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናገረ። ንስሐ ግቡ ያለው በሕይወት ቆመው የሚሰሙትን ነው።

«ሲጨንቀኝ ብቻ ብመለስ ማን ይሰማኛል?»

ጠፍቶ የተገኘው ልጅ አባቱ ትዝ ያለው ጠግቦ አይደለም፤ የእሪያ ምግብ እስኪያምረው ድረስ ተርቦ ነው። አባትየው «እንጀራ ፈልገህ ነው» አላለውም። ሮጦ አቀፈው።

«ንስሐ ለሽማግሌ ነው።»

ሞት ዕድሜ ጠይቆ አይመጣም። በቃ።

«ቀኖናዬን ከጨረስኩ ዕዳዬ ተከፈለ።»

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን አለን። ቀኖና የንስሐ አባት እንደ ሰው አቅም የሚያዙት መድኃኒት ነው፤ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት። የሰው ገንዘብ ኪስ ውስጥ እያለ ግን ስግደት ብቻውን ምን ያደርጋል? በየዓመቱ 3 ቀን የምንጾመው የነነዌ ጾም መነሻው ምን ነበር? የነነዌ ንጉሥ ጾም ብቻ አላወጀም፤ ሁሉም በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ አዘዘ። ቀራጩ ዘኬዎስም የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ተውባ የሰው ሐቅ ሳይመለስ አይሞላም ይላሉ።

አንድ የማውቀው ቡና ሰብሳቢ አለ። ከገበሬ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ሲረከብ ሚዛኑ ከኩንታል 3 ኪሎ «ይበላ» ነበር። አንድ ዓመት ክፉኛ ከሰረና ደንግጦ ንስሐ አባቱ ጋ ሄደ። ሺህ ስግደት ቢታዘዝ ዝግጁ ነበር። አባ ጨርሰው ሰሙትና «ሚዛኑ አሁን የት ነው?» አሉት።

«መጋዘን።»

«መጀመሪያ እሱን አስተካክል። ቀጥሎ ገበሬዎቹን ፈልግ። ስግደቱ ይደርሳል።»

የከሰረ ሰው ከየት አምጥቶ ይመልሳል? በየጥቂቱ ጀመረ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ጅማ አጠገብ ያለችው ማና ወረዳ ድረስ ጭቃ እያቦካ ሄዶ አንዱን ገበሬ ሲጠይቅ ሞቷል አሉት። ብሩን ለሚስቱ ሰጣት። ሴትየዋ ቆጠረችው፤ ደግማ ቆጠረችው።

«ያ ሚዛን ሐቄን በላው ይል ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ተወው ያልኩት።»

ከዚያ ተነሥታ ጀበናውን ጣደች።