የነዋሪዎች ዳሰሳ ጥናት ምንድን ነው?

አስፓልት ይቅደም ወይስ የውኃ መስመር፣ ገበያው ከመሃል ከተማ ይውጣ ወይስ እዚያው ይሻሻል የሚል ጉዳይ ሲነሣ እኛ ዘንድ የተለመደው የቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ነው። የስብሰባ ጠባይ ደግሞ የታወቀ ነው። መድረኩ ይከፈታል፣ ሁሌም የሚናገሩት ይናገራሉ፣ አንዱ «የተነሡትን ሐሳቦች እየደገፍኩ» ብሎ ሩብ ሰዓት ይወስዳል፣ ከዚያ ሰዓት ሄደ ተብሎ ይዘጋል። ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ሴት በየማለዳው ጀሪካን ተሸክማ የምትወርደው እሷ ሆና ሳለ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትመለሳለች። ቃለ ጉባኤው ግን «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ይላል።

የዳሰሳ ጥናት ይህችን ሴት ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ዘዴ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት አነጋገር፣ በዕጣ ለወጡ ሰዎች ይቀርባል፤ መልሱ ይቆጠራል።

ዕጣው ዋናው ነገር ነው። እህል ገዢ ጤፍ ሲመርጥ ከጆንያው አፍ ብቻ አይዘግንም፤ እጁን እስከ ሥሩ ይሰዳል፣ ላይኛው የተመረጠ ሊሆን ይችላላ። ናሙናም እንዲሁ ነው። ብዛቱን ለማስላት የእኛ አገር ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበት የያማኔ ቀመር አለ። 4,000 ቤት ላላት ከተማ አምስት በመቶ ስሕተት ከተፈቀደ 364 ቤት ይበቃል ይላል። ከተማዋ በእጥፍ አድጋ 8,000 ቤት ቢኖራት ናሙናው በእጥፍ አያድግም፤ 381 ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም፣ ሒሳቡ ግን እንደዚያ ነው። ቤት ዘግቶ የሚጠፋና አልመልስም የሚል ስለማይጠፋ ትንሽ ተጨምሮ 400 ይደረጋል። 4,000 ቤት ለ400 ሲካፈል 10 ስለሚደርስ ከ1 እስከ 10 ካሉት ቁጥሮች አንዱ በዕጣ ይወጣል፤ 7 ከወጣ 7ኛው፣ 17ኛው፣ 27ኛው ቤት እየተባለ ይቀጥላል።

ለዚህ የቤቶች ዝርዝር ያስፈልጋል፣ ችግሩም እዚህ ይጀምራል። አገር አቀፍ ሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ነው፤ አራተኛው ለሌላ ጊዜ ተላልፎ ቀረ። ቀበሌው መዝገብ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱን እንጂ ተከራዩን አያሳይም። ጓሮ ውስጥ በተሠሩ ሰርቪሶች የሚኖሩት የቀን ሠራተኞች፣ ከገጠር መጥተው ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ዝርዝሩ ላይ የሉም። ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ ሲበዛ የመጣው ወጣት በአብዛኛው ተከራይ ነው፤ እሱን የዘለለ ጥናት የኪራይ ውድነትን ከነጭራሹ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ጥሩ አጥኚ መጀመሪያ ሰፈሩን በእግሩ ዞሮ ዝርዝሩን ያድሳል።

አሁን ደግሞ በሩ ተንኳኳ እንበል። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ፣ ታብሌት የያዘ። «እንደምን ዋሉ እማማ? ስለ ከተማዎ ልማት ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎ ነበር።» «ግባ ልጄ፣ ግባ፣ ቡና ደርሷል።» ይቀመጣል። «የውኃ አገልግሎቱን እንዴት ያዩታል? በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ…» «መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደህና ነው።» ልጁ «ጥሩ» የሚለውን ይነካል። ቡናው የተፈላበት ውኃ ግን ከጎረቤት የተለመነ ነው። እማማ አልዋሹም። ቤታቸው ለመጣ እንግዳ ምሬት ማቅረብ ነውር መስሏቸው ነው፤ ምስጋናው ለፈጣሪ እንጂ ለውኃ ጽሕፈት ቤቱ አልነበረም። «ውኃ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን መጣ? ሳይመጣ ሲቀር ከየት ነው የሚያስቀዱት?» ቢላቸው ኖሮ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ይነግሩት ነበር። ሰው ሁኔታውን ሲጠየቅ ያመሰግናል፣ ቀኑን ሲጠየቅ ይቆጥራል።

የጠያቂው ማንነትም መልሱን ይቀይራል። የቀበሌ ሠራተኛ አብሮ ከቆመ ቅሬታ ይጠፋል። ጠያቂው ዕርዳታ የሚመዘግብ ከመሰለ ደግሞ በተቃራኒው በጓሮ ያሉት ሦስት በጎች አንድ ይሆናሉ፣ አንዱም «የልጄ ነው» ይባላል። በአካባቢው የማይታወቅ፣ ቋንቋውንና ወጉን ግን የሚያውቅ ሰው ይመረጣል፤ ቢቻል ሴቶችን ሴት ትጠይቅ። አባወራው በሌለበት እማወራዋን ማነጋገርም ተራ ነገር አይደለም፤ ስለ ወፍጮ፣ ስለ ውኃና ስለ ጤና ጣቢያ ባልና ሚስት የሚሰጡት መልስ ሲለያይ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ከሁሉ የሚከብደው እሴትን መጠየቅ ነው። የተለመደው መንገድ በ1932 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሬንሲስ ሊከርት የተጀመረው መለኪያ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፣ መልሱ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጭራሽ አልስማማም» ባሉት አምስት ደረጃዎች ይሰጣል። «መረዳዳት ለከተማችን አስፈላጊ ነው» ተብሎ ሲነበብ አልስማማም የሚል ማን አለ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ወረቀት ከማባከን አያልፍም። መንዝ ላይ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ጓሳ የሚባለውን ሥፍራ ሣር ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲፈቀድ ብቻ እያጨደ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆታል፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮውን ሥርዓት ካፈረሰ በኋላም ጥበቃው በሌላ መልክ ቀጥሎ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በመንዝ ላለችው ለመሐል ሜዳ ከተማ ሰው «የጋራ ሀብት መጠበቅ አለበት ብለው ያምናሉ?» ቢሉት መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል። «ባለፈው ዓመት ለጋራ ሥራ ስንት ቀን ወጡ? ከእድርዎ ውጭ ስንት ለቅሶ ደረሱ?» ሲባል ግን ቆም ብሎ ያስባል።

ሁለተኛው መንገድ ማስመረጥ ነው። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ነዋሪው ድርሻውን ማዋጣቱ በብዙ ከተሞቻችን የተለመደ ስለሆነ፣ «ኮብልስቶን ይፈልጋሉ?» ከማለት «ለአንድ ዓመት በየወሩ 100 ብር ቢጠየቁ ይከፍላሉ? 50 ቢሆንስ?» ማለት እውነቱን ያወጣል። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ አምስት ሥዕል ይደረደርና አሥር ፍሬ ባቄላ ይሰጣል፤ የመንገዱ ሥዕል ላይ ሁለት፣ ውኃው ላይ አምስት፣ እየተባለ ይታደላል። ባቄላው ጥሬ ይሁን፤ የተቆላ ከሆነ ልጆች ውጤቱን ይበሉታል።

አንዱን ቅጽ ለሰሜን ሸዋ ዞን ሁሉ ማዞርም አይሆንም። ብርዳማው ደጋ ላይ የተዘጋጀ መጠይቅ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ አየሩም ኑሮውም ተለውጦ ይጠብቀዋል፤ እዚያ ወባና መስኖ ካልተጠየቀ ምኑ ተጠየቀ? ስለ ማኅበራዊ ሕይወት ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር ብቻ የዘረዘረ ቅጽ ሙስሊሙን ጎረቤት ባዶ ሣጥን ያስሞላዋል። ለዚህ ነው ዋናው ሥራ ሳይጀመር ቅጹ በጥቂት ቤቶች የሚሞከረው። ቀኑም ይታሰብበታል፦ በገበያ ቀን የሚገኘው ቤት ጠባቂ ብቻ ነው፣ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት አይኬድም፣ በአጨዳ ወራት ገበሬ አይገኝም፤ በበዓል ቀን ግን ሰው ቤቱ ነው።

ሲያልቅ ውጤቱ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በባለቤትና በተከራይ ተለይቶ መቅረብ አለበት። አማካዩ ብቻ ከቀረበ «ሥራ» ያሉት ወጣቶችና «ውኃ» ያሉት እናቶች ተደባልቀው ማንም ያላለው መልስ ይወጣል። ከዚያ አጭር ሆኖ ተጽፎ እድሮች ሲሰበሰቡ ይነበባል። ይህ የመጨረሻ ክፍል በብዙ ቦታ ይዘለላል፤ መረጃው ሪፖርት ሆኖ ይሄዳል፣ የተጠየቀው ሰው ምን እንደወጣ አያውቅም። በዓመቱ ሌላ ጠያቂ ሲመጣ «ባለፈውም ጽፋችሁ ሄዳችሁ ነበር» ይባላል፣ በሩም ይዘጋል። የሚዘጉት በአብዛኛው ቅር የተሰኙት ከሆኑ፣ ከሚከፍቱት ብቻ የተሰበሰበው መልስ ከተማዋን ካለችበት ይበልጥ የተመቻት አስመስሎ ያቀርባል፤ በጀትም በዚያው ላይ ይቆረጣል።