በኮምፒውተር የታገዘ የሰነድ ምርመራ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ክርክር ተከራካሪ ወገን ተቃራኒው ሲጠይቀው ከጉዳዩ ጋር አግባብነት ያላቸውን ሰነዶች ማስረከብ አለበት፤ ራሱን የሚጎዱትን ጭምር። ማስረጃን መርጦ ከአቤቱታ ጋር ማያያዝ ለለመደ የኢትዮጵያ ጠበቃ ይህ ግዴታ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ትልቅ ኩባንያ ሲከሰስ ደግሞ ሰነድ ማለት ብዙውን ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር ኢሜይል ነው። ያንን ሁሉ ማን ያነበዋል?

ለረጅም ጊዜ ያነበቡት ጠበቆች ናቸው። በጊዜያዊነት ተቀጥረው ስክሪን ላይ አፍጥጠው «ይመለከታል»፣ «አይመለከትም» ሲሉ ይውላሉ። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ2012 ባወጣው ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ከማቅረብ ወጪ 73 በመቶ ያህሉ የሚሄደው ለዚሁ ንባብ ነበር።

በኮምፒውተር የታገዘ ምርመራ ሥራውን እንዲህ ያቀለዋል። ጉዳዩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ጠበቃ ከክምችቱ የተወሰኑ ሰነዶችን አንብቦ ይለያል። ፕሮግራሙ ከውሳኔዎቹ ይማርና ቀሪዎቹን ለጉዳዩ ባላቸው ቅርበት ደረጃ ያወጣላቸዋል። ጠበቃው ከላይ የወጡትን እያነበበ ያርማል፤ ፕሮግራሙም ከእርማቱ እንደገና ይማራል። በመጨረሻ «አይመለከትም» ተብሎ ከተጣለው ክምር ናሙና በዕጣ ይወጣና ሰው ያነበዋል። ለምሳሌ ከተጣሉት 500,000 ሰነዶች 2,000 ተነብበው 10 አግባብነት ያላቸው ቢገኙ፣ በክምሩ ውስጥ ወደ 2,500 ገደማ ተቀብረዋል ማለት ነው። በእኔ እይታ የዘዴው ዋና ጥቅም ይህ ቆጠራ ነው። ሁሉንም በዓይኑ ያነበበ ቡድን ስንት እንዳመለጠው እምብዛም አይጠየቅም ነበር።

ቁልፍ ቃል አስገብቶ መፈለግ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ብሌርና ማሮን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ አደጋ ጋር በተያያዘ ክስ ወደ 40,000 የሚጠጉ ሰነዶችን መረመሩ። ጠበቆቹ በቃል ፍለጋ ከሚፈለገው ሦስት አራተኛውን እንዳገኙ አምነው ነበር፤ ሲለካ 20 በመቶ ብቻ ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ጥፋቱ ሊነካቸው የሚችል ሰዎች በጽሑፋቸው «አደጋ» የሚለውን ቃል ሸሽተው «አሳዛኝ ሁኔታ»፣ «ችግር» እያሉ አለፉት። (ፀሐይን በስንት ዓይነት ፊደል እንደምንጽፋት ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ የቃል ፍለጋ ጣጣ ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።)

በ2011 ግሮስማንና ኮርማክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰው የሚመራው የኮምፒውተር ምርመራ፣ ሰው ሁሉንም ካነበበበት ዘዴ ጋር ሊስተካከል ብሎም ሊበልጠው እንደሚችል፣ የሚነበበውም እጅግ ያነሰ እንደሚሆን አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት የኒው ዮርኩ ዳኛ አንድሩ ፔክ፣ ዳ ሲልቫ ሙር በፑብሊሲስ ላይ ባቀረበችው ክስ ዘዴውን ፈቀዱ፤ የኢሜይሎቹ ብዛት ሦስት ሚሊዮን ገደማ ነበር። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2016 ተከተለ።

ፔክ ፈቀዱ እንጂ አላስገደዱም። በ2016 አንዲት ከሳሽ የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር በዚህ ዘዴ እንዲጠቀም ይታዘዝልኝ ስትል፣ ዘዴው የተሻለ መሆኑን እያመኑም ምርጫው የሰነዱ ባለቤት ነው ብለው ጥያቄዋን ውድቅ አደረጉ።

ጠንቃቃ ጠበቆች እስከ ዛሬ ለማሽን ብቻ የማይተዉት፣ ከማስረከብ ግዴታው ነፃ የሆነውን የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር መለየት ነው። አንድ ኢሜይል የሕግ ምክር ይሁን ተራ ወሬ ለመለየት ማን ለማን፣ በምን ሥልጣን እንደጻፈው ማወቅ ያስፈልጋል። በ2008 በሜሪላንድ በተሰጠ ውሳኔ ተከሳሾቹ ምስጢራዊውን ለመለየት ሰባ ያህል ቁልፍ ቃላትን ተጠቅመው ነበር፤ 165 ሰነዶች ግን ሾልከው ከተቃራኒው ወገን እጅ ገቡ። ዳኛው ፖል ግሪም የምስጢር ጥበቃው ቀርቷል ሲሉ ፈረዱ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ተከሳሾቹ የፍለጋቸውን ውጤት በናሙና ስለመፈተሻቸው አለማሳየታቸው ነበር።