ሐሳብን ባዶ ማድረግ አይደለም፦ ስለ አረጋውያን የአስተውሎት ልምምድ የሚባለውና እውነታው

በእንግሊዝኛው ማይንድፉልነስ የሚባለው፣ አሁን የሚሆነውን ልብ የማለት የአስተውሎት ልምምድ ወደ ሕክምና የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ጆን ካባት-ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሥልጠና ጀመሩ፤ ዛሬ የተለመደው የ8 ሳምንት ነው፤ በሳምንት አንዴ ለ2 ሰዓት ተኩል ያህል በቡድን፣ በሌላው ቀን በቤት። ዛሬ ለአረጋውያን ከሚሰጠው ብዙው ከዚህ የተቀዳ ነው። አብሮት የተዛመተው ወሬ ግን አንዳንዱን ያሸሻል፣ አንዳንዱን ከልክ በላይ ያስጎመጃል።

«አእምሮን ባዶ ማድረግ ነው»

ብዙዎች ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚተዉት በዚህ የተነሳ ነው። ዐይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፣ ሐሳብ ይግተለተላል፣ «ለእኔ አልሆነም» ብለው ይነሳሉ። ሐሳብ መምጣቱ ጥፋት አይደለም። ሥራው ትንፋሽን ወይም ወለሉን የረገጠ እግርን ልብ ማለት፣ ሐሳብ ሲኮበልል ማወቅ፣ ከዚያ ራስን ሳይቆጡ መመለስ ነው። በ10 ደቂቃ 30 ጊዜ ከኮበለለ 30 ጊዜ መመለስ ነው፤ ልምምዱ ራሱ መመለሱ ነው። በመቁጠሪያ የሚጸልዩ እናት ይህን ያውቁታል፤ ጣታቸው መቁጠሪያው ላይ እያለ ልባቸው ገበያ ደርሶ ይመጣል።

በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን አንዲት ዘቢብ በዝግታ ማጣጣም የተለመደ ነው። በእኛ ቤት የአቦሉ ሲኒ ይሻላል። ሲኒውን በሁለት እጅ ይያዙ፤ ሙቀቱ በየትኛው ጣት እንደሚጀምር ልብ ይበሉ። ሽታውን ይሳቡ። አንዴ ፉት ብለው ምላስዎ ላይ ለአፍታ ያቆዩት፤ ከዋጡ በኋላ የሚቀረውን ምሬት እስኪጠፋ ይከተሉት። ከ3 ደቂቃ አያልፍም። እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቡናው በረድ ይበል፣ ሲኒውም ግማሽ ብቻ ይቀዳ።

«መሬት ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ ያስፈልጋል»

ወንበር ይበቃል፤ ጎማ የሌለው፣ መደገፊያ ያለው፣ ሁለቱም እግሮች ወለሉን በደንብ የሚረግጡበት። እግር ከተንጠለጠለ የወንበሩ ጠርዝ ጭንን ይጫንና ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ከሥር መርገጫ ይደረግ። ዐይን መጨፈንም ግዴታ አይደለም። ቶሎ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ወይም ሚዛን የሚያስቸግራቸው ከፊታቸው ያለውን ወለል ይመልከቱ። ጆሮ የከበዳቸው ደግሞ የአሠልጣኙን ከንፈር እያዩ ስለሚከታተሉ፣ ዐይን ሲጨፍኑ መመሪያው ያመልጣቸዋል፤ ቀረብ ብለው ይቀመጡ።

ትልቁ ጥንቃቄ ተኝቶ ለሚደረገው ነው። ከእግር ጣት እስከ ራስ አካልን በሐሳብ የሚዳስሱበት ልምምድ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲጨርስ ብድግ ካለ ግፊቱ ድንገት ሊወርድ፣ ዐይኑ ሊጨልም፣ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚትን 10 ጊዜ ያህል ማንቀሳቀስ፣ በጎን ዞሮ አልጋው ጠርዝ ላይ መቀመጥ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይዞ መቆም።

«መርሳትን ያስቀራል»

ይህ ተስፋ ቤተሰብን ስለሚያዘናጋ ያሳስበናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆናቸውን፣ የማስታወስ ችግር ይሰማናል ያሉ 585 ሰዎችን ተከታትሏል። ከ6 ወር በኋላ የአስተውሎት ልምምድም ሆነ የአካል እንቅስቃሴ፣ ሁለቱ ተደምረው እንኳ፣ ከተራ የጤና ትምህርት የተሻለ የማስታወስ ለውጥ አላመጡም። አዲስ መርሳት ሲታይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቀድማል፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላልና።

የሚረዳው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት፣ እንቅልፍ እምቢ ካላቸው 49 አረጋውያን መካከል ልምምዱን ለ6 ሳምንት የሠለጠኑት ስለ እንቅልፍ ልማድ ብቻ ከተማሩት ይልቅ ተሻላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ደግሞ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ካለባቸው 282 አረጋውያን መካከል ልምምዱን የሠለጠኑት ከ8 ሳምንት በኋላ የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ የዕለት ተግባራቸው ቀሎላቸው ነበር፤ ከ6 ወር በኋላ ግን ብልጫው አልዘለቀም። ስለዚህ ሥልጠናው አለቀ ብሎ ልምምዱን ማቆም አይመከርም።

«ሌላ ሃይማኖት ነው»

ሥሩ ከቡድሂዝም መሆኑ አይደበቅም። በሕክምናው ሥልጠና ግን ጸሎትም፣ ምስልም፣ የሚደገም ቃልም አይጠየቅም። አሠልጣኙ እንዲህ ያለ ነገር ከጠየቀ «ይቅርብኝ» ማለት ይቻላል።

«ባይጠቅምም አይጎዳም»

አስም ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው ትንፋሹን ሲከታተል «አየር አጠረኝ» የሚል ጭንቀት ሊነሳበት ይችላል። ለእርሱ እግሩን፣ እጁን ወይም ከውጭ የሚሰማውን ድምፅ ልብ ማለት ይሻለዋል። ኀዘኑ ያልበረደለት ወይም ጦርነትና ስደት ያሳለፈ ሰው ደግሞ ዝምታው ውስጥ ያየው ሁሉ ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። ዐይኑን ገልጦ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ሆኖ ይጀምር፤ ሲከብደው ወዲያው ያቁም።