የንግድ ማስተካከያ ድጋፍ ምንድን ነው? (የስንብት ክፍያ አይደለም)

ጅማ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነገር በተነሳ ቁጥር «የንግድ ማስተካከያ ድጋፍ» የሚል ቃል አብሮ መነሳት ጀምሯል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተከራካሪ «ፋብሪካ ሲዘጋ ለሠራተኛው የሚከፈል ካሳ ነው፤ አሜሪካኖቹ ይከፍላሉ፣ የኛ መንግሥት ግን ዝም ይላል» ብሎ ደመደመ። ካሳማ እኛም አለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጦ ማየት ነው።

ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በላዩም የ60 ቀን ደመወዝ ይከፈላል። በወር 3,000 ብር እያገኘች አራት ዓመት የሠራች ኦፕሬተር 3,000 ሲደመር 3,000 ሲደመር 6,000፣ በድምሩ 12,000 ብር ይገባታል። ከፋዩ አሠሪው ነው። ሥራው የቆመው ከውጭ በገባ ዕቃ ይሁን በባለቤቱ ዕዳ፣ ሒሳቡ ያው ነው። (የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል ይላል አዋጁ፤ ካዝናው ባዶ ከሆነ ግን ቅድሚያው ብቻውን ብር አይሆንም።)

የንግድ ማስተካከያ ድጋፍ ግን ከውጭ በገባ ዕቃ ውድድር ሥራውን ላጣ ሠራተኛ የሚሰጥ ሥልጠናና ሳምንታዊ ክፍያ ነው። ከፋዩ መንግሥት ነው፤ የሚከፈለውም ላለፈው አገልግሎት ሳይሆን ለሚቀጥለው ሥራ ነው። ለጅማ ሰው በቡና ጉንደላ ማስረዳት ይቀላል። ያረጀ ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲጎነደል፣ አዲሱ ቀንበጥ እስኪያፈራ ሁለት ዓመት ያህል ገበሬው ከዚያ ዛፍ ምንም አይለቅምም። የስንብት ክፍያ የመጨረሻው ለቀማ ዋጋ ነው፤ ማስተካከያው ግን ቀንበጡ እስኪያፈራ የሚያቆይ ስንቅ ነው። ከሚያቆጠቁጠው ሁሉ ሁለት ሦስት ቀንበጥ እንደሚመረጥ፣ ሥልጠናውም ሥራ ይገኝበታል ተብሎ ሲጸድቅ ብቻ ነው የሚከፈልለት። ወቅትም አለው። ጉንደላ ከለቀማ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው፤ በአሜሪካው ሕግም በ26 ሳምንት ውስጥ ሥልጠና ያልተመዘገበ ወይም ከሥልጠና ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ያልያዘ ሠራተኛ ሳምንታዊ ክፍያው ይቀርበት ነበር። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አያዛልቅም፤ ቡና ከራሱ ሥር ያቆጠቁጣል፣ የ50 ዓመት ሰው ግን እንደገና ጀማሪ ሁን ሲሉት አይሆንለትም። ስለዚህ ከዚያ ዕድሜ ጀምሮ ዝቅ ባለ ደመወዝ ሥራ ለያዘ ሰው የልዩነቱ ግማሽ፣ በሁለት ዓመት እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ይደጎምለት ነበር።

ተከራካሪው ጨርሶ የዘለለው ግን የምክንያቱን ማጣሪያ ነው። በአሜሪካ ሠራተኞቹ፣ ማኅበራቸው ወይም አሠሪው ከሥራ በተለዩ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከቻ ያስገቡ ነበር። መርማሪው የድርጅቱን ሽያጭና ምርት ያያል፤ ከዚያ ለደንበኞቹ መጠይቅ ይልክ ነበር፦ ከዚህ ፋብሪካ መግዛት ቀንሳችሁ ከውጭ የምታስገቡትን ጨምራችኋል? መልሱ ካልደገፈ፣ ሥራውም ወደ ውጭ አገር ካልተዛወረ፣ መቶ ሰው ቢበተንም ማመልከቻው ውድቅ ነበር። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1962 ቢታወጅም፣ ማጣሪያው እጅግ ጠባብ ስለነበር እስከ 1969 አንድም የሠራተኛ ማመልከቻ አልጸደቀም፤ የላላው በ1974ቱ ሕግ ነው።

ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲልኩ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ስትታገድ ሥራቸውን ያጡትን በዚህ ስም መጥራት ስህተት ነው። እነሱን ያፈናቀላቸው የተዘጋ የወጪ ገበያ ነው እንጂ ወደ አገር የገባ ሸቀጥ አይደለም። የአሜሪካው ድጋፍ ደግሞ የተሠራው እኛን መሰሎቹ ሰፍተው በሚልኩት ልብስ ሥራውን ላጣ የዚያ አገር ሰፊ ነው። የኛን ሠራተኛ መርዳት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ በዚህ መስፈርት አይገባም ነው የምለው።

እኛ ዘንድ ማጣሪያው የሚሠራላቸው በሰልባጅ የተገፉት ይሆኑ ነበር። እዚያም እንቅፋት አለ፤ በኮንትሮባንድ የገባ ቦንዳ በጉምሩክ መዝገብ ላይ አይታይም፣ መርማሪውም የሌለ ቁጥር ማወዳደር አይችልም።

ውጤቱን በሚመለከትም ጥናቶቹ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ትልቁ ግምገማ ተጠቃሚዎቹ ከአራት ዓመት በኋላ ከአቻዎቻቸው ያነሰ እንደሚያገኙ አሳየ። በኋላ የመጣው፣ በለዘብተኛና በጥብቅ መርማሪ እጅ የወደቁትን ያነጻጸረው ጥናት፣ ትርፍ አገኘባቸው፤ ሆኖም ትርፉ በአሥር ዓመት ውስጥ ይሟጠጣል። እኔ የኋለኛውን ዘዴ አምናለሁ።

«አሜሪካኖቹ ይከፍላሉ» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል። ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ አይመረመርም፤ ቀድመው የጸደቀላቸው ብቻ ይቀጥላሉ። አውሮፓ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የምክንያቱን ማጣሪያ ትቶ፣ ቢያንስ 200 ሠራተኛ የተበተነበትን ማንኛውንም ትልቅ ቅነሳ ይቀበላል።

ይህን ወደ ጅማ እናምጣ ለሚሉ፣ ከሥልጠናው በፊት የሚቀድም ጉድለት አለ። የአሜሪካው ሳምንታዊ ክፍያ የሚጀምረው መደበኛው የሥራ አጥነት መድን ሲያልቅ ነው፤ ከመድኑ ጋር ተደምሮ እስከ 130 ሳምንት ይሄዳል፣ መጠኑም የሚተመነው በመድኑ ልክ ነው። በኢትዮጵያ የሥራ አጥነት መድን የለም። ስለዚህ የክፍያው መነሻም፣ ልኩም፣ ሠራተኛዋን በየሳምንቱ የሚመዘግባት ጽሕፈት ቤትም ከዜሮ መጀመር አለባቸው።